አርባ ስምንት እጥፋት

ከሞተሩ ጋራ የመጣልን ካርታ፣
ግብርና ቢሮ ካወጣው ጨረታ፣
ከኮርቻው በታች፣ ከመፍቻዎች ጋራ
ዘይት ጠጥቶ ኖሯል፣ ስሙ ሳይጠራ።
ወለል ላይ ዘረጋነው፤ ስምንት ቦታ ታጥፏል፤
እጥፋቱ መሀል ላይ አንድ ከተማ ጎድሏል።
አይጥ በልቶት ይሁን፣ ወይ የባትሪ አሲድ፣
ከዚያ ጉድጓድ ወዲህ ያለው ነው የኛ መንገድ።

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
ባልዲ ደርድረን ቁጭ ብለን፣ የውሃን መምጣት ስናይ፣
ገመዳ በእርሳስ ድንበር ይሻገራል፤
ሲደክመው ያዛጋል፣ መልሶ ይቀጥላል።
እኔ ማስመሪያዬን ይዤ እከተላለሁ፣
አንድ ሴንቲ ሜትር ስንት ሊትር እንደሚጠጣ አሰላለሁ።

«ስቴልቪዮ» ሲል አፉን ይጣፍጠዋል፣
እንደ ሎሚ ከረሜላ ባንድ ጉንጩ ይይዘዋል።
«አርባ ስምንት እጥፋት! ሽቅብ ባንድ ወገን!
በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬን ሳንነካ፣ ዘንበል፣ ዘንበል አርገን!»
እኔ ደግሞ ሥራዬ መጠየቅ ነው፦
ድንኳኑ የት ይታሰር? ምድጃውስ ከየት ጎን?
ሰኔ ላይ በረዶ ቢጥል ጣታችንስ ምን ሊሆን?
ሽሮ በኬላ ያልፋል? ጎማ ቢፈነዳ ማታ፣
«ቤቶች!» ብለን ብንጣራ፣ ማን ይነሣል ከገበታ?

ከማቀዝቀዣው በር ላይ ዝርዝር ለጥፌአለሁ፤
ያለንን በሰማያዊ፣ የሌለንን በቀይ ጽፌአለሁ።
ድንኳን፦ የመርካቶ ሸራ፣ በገዛ እጁ የሰፋው።
የዝናብ ልብስ፦ የፋብሪካው፣ ጀርባው ላይ ቁጥር ያለው።
ቀዩ ግን ገጹን ሞልቶ ወደ ጀርባው ዞሯል።

ቅጹ «የጉዞው ዓላማ?» ይላል። ገመዳ ብዕሩን ነከሰ፤
«ተራራ ለማየት» ብሎ ጽፎ፣ ወዲያው ደመሰሰ።
«እዚያ የለም ወይ ቢሉኝስ?» ዐይኑ ከመስኮቱ ደረሰ፤
የረር ነበር ከማዶ፣ ደመና እስከ ጆሮው የለበሰ።
ቀጥሎ ያለው ጥያቄ፦ «ለመመለስዎ ማስረጃ?»
እሱን ባዶ ተውነው።

ቅዳሜ ለሙከራ ወጣን፤ ሙሉ ጭነት፣ ሙሉ ትጥቅ።
ዲቲዋ አቃሰተች። ወይዘሮ አስካለ ከሁለተኛው ፎቅ፣
«ምነው ልጆች፣ ኪራይ ጨመሩባችሁ?»
አስፋልቱ አለቀ። ኮብልስቶኑም አለቀ።
«አንድ!» ይላል ገመዳ፣ ድምፁ በራስ ቁሩ ታፍኖ፤
«ሁለት!» እላለሁ ከኋላ፣ አገጬ ትከሻው ላይ ተጭኖ።
ሦስተኛው ላይ ድንጋይ፣ አምስተኛው ላይ ጭቃ፤
ሰባተኛው ላይ ጠፋች፤ ካንዴላውን ጠረግን እስክትነቃ።
አሥራ አንደኛው ላይ መንገድ የሚባል ነገር ቀረ።
ሠላሳ ሰባት ጎደለን።

ድንኳን እንደተከልን ኦቦ ዋቅቶላ በባትሪ መጡ፤
ዞሩት፣ ገመዱን ነካ አርገው፣ ከደጁ ተቀመጡ።
«ለቅሶ ነው?»
«አይደለም።»
«ሠርግ?»
«አይደለም።»
«ታዲያ ያለ ሙት፣ ያለ ሙሽራ፣ ድንኳን ምን ያደርጋል?»
ገመዳ በኦሮምኛ ስለ አልፕስ ያስረዳል፤
እጁ ባየሩ ላይ ይጠመዘዛል፣ አርባ ስምንቱን ይነዳል።
ሰሙት እስከ መጨረሻው። «እና ጫፉ ላይ ምን አለ?»
ገመዳ አሰበ። «ቁልቁለት» አለ።
«ቁልቁለትማ» አሉ ሽማግሌው፣ «እዚህም አለ።»

እኩለ ሌሊት ላይ በረዶ ጣለ።
የፈረንጁ በረዶ ድምፅ የለውም ይባላል፤
የኛው ግን ይናገራል፤
ሸራውን በጠጠር ይደበድባል።
ስፌቱ አፈሰሰ። ካርታውን በሆዴ ሸሸግሁት።
ኦቦ ዋቅቶላ ተመልሰው መጡ፣ ምንም ሳይናገሩ
የሳር ክምራቸውን ላስቲክ ከላያችን ወጠሩ።
ሲሄዱ ብቻ፦ «ላስቲኬን እንዳትረሱ።»

ጧት፣ ወገቤ እንደ ሰንሰለት እየተንቋቋ፣
በቀይ ጨመርኩ፦ ሰም ለስፌቱ። ጓንት። ሁለተኛ ካንዴላ።
ገመዳ ቅጹን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አኖረ፤
ከባዶው መስመር ፊት ትንሽ አቀረቀረ፤
ለመመለስ ማስረጃ፦
«የኦቦ ዋቅቶላ ላስቲክ።»